ሌንሱ ዓይን ላይ ሲዞር

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው ትንንሽ ፊደላትና ምልክቶችን ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን እያለሁ 8 እና 6፣ ነጥብና ሰረዝ ይመሳሰሉብኝ ጀመር። የዓይን ሐኪሟ መርምራኝ አስቲግማቲዝም እንዳለብኝ ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይናችን የፊት ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። እንደ ኳስ እኩል ክብ ከሆነ ብርሃን አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። አስቲግማቲዝም ሲኖር ግን ብዙውን ጊዜ ኮርኒያው እንደ እንቁላል በአንድ በኩል ይበልጥ ይጎብጣል። ብርሃኑ አንድ ቦታ ስለማይሰበሰብ የምናየው ይደበዝዛል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቶማስ ያንግ ይህን በራሱ ዓይን ላይ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1801 ገልጾታል።

መነጽር ጆሮና አፍንጫ ላይ ስለሚያርፍ አይዞርም። ኮንታክት ሌንስ ግን እንባ ላይ ስለሚንሳፈፍ ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ለአስቲግማቲዝም የሚሠራው ቶሪክ ሌንስ ቦታውን እንዲይዝ ተደርጎ ይሠራል፤ ለምሳሌ አንዳንዱ ከታች በኩል ወፈር ይላል። ትንሽ ምልክትም አለው።

ትንሽ መዞር ብዙ ያበላሻል። ሌንሱ 10 ዲግሪ ከዞረ የአስቲግማቲዝሙ እርማት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይጠፋል፤ 30 ዲግሪ ከዞረ ምንም አይቀርም። የእኔ የመጀመሪያ ሌንስ 10 ዲግሪ ዞሮ እዚያው ይቆም ነበር። ሐኪሟ ምልክቱን በመሣሪያ አይታ፣ መዞሩን አስልታ ሌላ አዘዘችልኝ፤ ፊደሉም ጠራ። ሌንሱ አንድ ቦታ የማይረጋ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት መሞከር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌንስ ካልተስማማችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ብዙዎቻችሁ ለእናት ወይም ለአባት ሐኪም ዘንድ ታስተረጉማላችሁ። ቤት ሳላችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ «ሁልጊዜ ነው የሚደበዝዝብዎት ወይስ አንዳንዴ? ዓይንዎን ሲያርገበግቡ ይጠራል?» አርገብግበው የሚጠራና መልሶ የሚደበዝዝ ከሆነ ሌንሱ እየዞረ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ።

ሌንስ በቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ ሐኪም ካልፈቀደም አድርገውት አይተኙም። ዓይን ከቀላ ወይም ካመመ ሌንሱን አውጥቶ ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።