ከምስል ወደ ፊደል፦ በመቱና በአካባቢው የሚገኙ አነስተኛ ንግዶች ድረ-ገጾች ፍጥነትና በፍለጋ የመገኘት ዕድላቸው

መግቢያ

በኢሉ አባ ቦራ ዞን ዋና ከተማ በመቱ፣ በጎሬና በአጎራባች ከተሞች የሚሠሩ አነስተኛ ንግዶች የሚያቀርቡት ምርትና አገልግሎት ከከተሞቹ ወሰን ባሻገር ፈላጊ አለው። የጫካ ቡና፣ ማርና ቅመማ ቅመም ለገበያ ይቀርባሉ፤ የሶር ፏፏቴን ወይም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ለማየት የሚመጣ እንግዳም ማረፊያና አስጎብኚ ይሻል። ይሁን እንጂ ገዢውም ሆነ እንግዳው ብዙውን ጊዜ ያለው 600 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው አዲስ አበባ ወይም ከዚያም አልፎ በውጭ አገር ነው። ስልክ ከመደወሉ በፊት የሚያደርገው በስማርትፎኑ መፈለግ ነው። ፍለጋው ባለቤቱን ካላገናኘው የሚያገናኘው ከደላላ ነው፤ የደላላው ድርሻም ከአምራቹ ወይም ከማረፊያው ባለቤት ገቢ ላይ ይቀነሳል።

ድረ-ገጽ ያሠሩ ነጋዴዎች በተለምዶ ሁለት ቅሬታ ያነሣሉ፤ አንደኛው «ገጹ ቶሎ አይከፈትም»፣ ሁለተኛው «ሲፈለግ አይገኝም» የሚል ነው። ሁለቱ እንደ አንድ ችግር ተቆጥረው በአንድ መድኃኒት ሊታከሙ ሲሞከር ይታያል። ይህ ጽሑፍ የችግሮቹ መነሻ የተለያየ መሆኑን ያሳያል፤ ሆኖም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያባብስ አንድ ልማድ እንዳለ፣ እሱም ጽሑፍን በምስል መልክ ማቅረብ መሆኑን ያብራራል።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

አንድ ገጽ እስኪከፈት የሚወስደው ጊዜ በዋናነት ከሁለት ነገሮች ይመነጫል፤ በመስመሩ ላይ ከሚደረገው ምልልስ ብዛትና ከሚጫነው የዳታ መጠን። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት በመሆኗ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ግንኙነቷ በጂቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ያልፋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ሰርቨሩ 12,000 ኪሎ ሜትር ርቆ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ቢሆን፣ ኬብሉ ቀጥ ያለ እንኳ ቢሆን አንድ ደርሶ መልስ ከ120 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ኬብሎች ግን ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ የሞባይል ኔትወርኩም የራሱን መዘግየት ይጨምራል።

ለስሌት ያህል አንድ ደርሶ መልስ 300 ሚሊሰከንድ ይሁን። ግንኙነቱን ለመክፈት አንድ፣ በቲኤልኤስ 1.3 ምስጠራውን ለመስማማት አንድ፣ ገጹን ጠይቆ ለመቀበል ሌላ አንድ ምልልስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፊደል ስክሪኑ ላይ ከመታየቱ በፊት 0.9 ሰከንድ ሄዷል ማለት ነው። ገጹ ጎብኚውን ከአንድ አድራሻ ወደ ሌላ የሚያዞር ከሆነ እያንዳንዱ መዞር ተጨማሪ ምልልስ ያስከትላል።

የዳታው መጠንም የራሱ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ሰርቨር በመጀመሪያው ዙር እስከ 10 ፓኬት፣ ማለትም 14 ኪሎባይት ያህል ይልካል፤ ከዚያ በኋላ የተቀባዩን ምላሽ እየጠበቀ መጠኑን በየዙሩ በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። በዚህ አካሄድ 600 ኪሎባይት የሚመዝን ፋይል፣ መስመሩ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ 6 ዙር ይፈልጋል። መስመሩ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ፋይሉን ለማውረድ ብቻ 4.8 ሰከንድ ያስፈልጋል። ለዚህ ዳታ የሚከፍለውም ጎብኚው ነው።

ፍጥነት የፍለጋ ደረጃን ምን ያህል ይወስናል?

ጎግል የገጽ ፍጥነትን በፍለጋ ውጤት አሰላለፍ ውስጥ ማስገባቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ በ2018 በሞባይል ፍለጋ ላይም ተግባራዊ አድርጎታል። በ2020 ያስተዋወቃቸው «ኮር ዌብ ቫይታልስ» የተባሉ መለኪያዎች ዛሬ ሦስት ናቸው፤ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ፣ ገጹ ለንክኪ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ፣ ይዘቱም በሚከፈትበት ጊዜ ከቦታው እንዳይዘል ይጠይቃሉ።

ነገር ግን እነዚህ መለኪያዎች የሚሰበሰቡት ከእውነተኛ የክሮም ተጠቃሚዎች ሲሆን፣ መረጃው የሚወጣው በቂ ጎብኚ ላላቸው ድረ-ገጾች ነው። በቀን ጥቂት ሰዎች የሚጎበኙት የመቱ እንግዳ ማረፊያ ገጽ እዚህ መዝገብ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ጎግልም ቢሆን ከፍጥነት ይልቅ ለጥያቄው አግባብ ያለው ይዘት እንደሚቀድም በይፋ ይገልጻል። ስለዚህ ለአነስተኛ ንግድ ፍጥነት በቅድሚያ የደንበኛ ጉዳይ ነው፤ ቀድሞ የመጣውን ጎብኚ ያቆየዋል። በፍለጋ መገኘት ግን በቃላትና በቦታ መረጃ ላይ የተመሠረተ ነው።

ጽሑፍ ምስል ውስጥ ሲታሰር

ለቴሌግራም ወይም ለፌስቡክ የተዘጋጀ ማስታወቂያ ስሙ፣ የዋጋ ዝርዝሩ፣ አድራሻውና ስልኩ በአንድ ምስል ላይ ተጽፎ ሳለ እንዳለ ወደ ድረ-ገጽ ሲዛወር ሁለቱም ችግሮች አብረው ይመጣሉ። ምስሉ ከባድ ነው፤ የፍለጋ ሞተሮችም በምስል ውስጥ ያለን የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ጽሑፍ በአስተማማኝ ሁኔታ አያነቡም።

ልማዱ ታሪካዊ ምክንያት አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ ስለነበረው፣ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው በሌላው ላይ ተዘበራርቆ ይታይ ነበር። በዚያን ጊዜ ጽሑፍን በምስል መላክ ብልኅነት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኞቹ ስማርትፎኖች የግዕዝ ፊደልን ስለሚያሳዩ ምክንያቱ ቀርቷል።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 700 ፊደልና 150 ክፍት ቦታ ያለው የዋጋና የአድራሻ መግለጫ 2,250 ባይት ብቻ ይሆናል። የገጹ መዋቅር ተጨምሮበት 5 ኪሎባይት ቢደርስ እንኳ በመጀመሪያው ዙር ያልቃል፤ ከ600 ኪሎባይቱ ምስል ጋር ሲነጻጸርም 120 ጊዜ ያነሰ ነው። የመደበኛዎቹ የግዕዝ ፊደላት የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ሰርቨሩ የማመቂያ አገልግሎት ከበራለት ጽሑፉ ከዚህም በታች ይወርዳል። በአንጻሩ ለውበት ሲባል ከውጭ የሚጫን የግዕዝ ፎንት ከ300 በላይ ቅርጾችን ስለሚይዝ ከላቲኑ ይከብዳል፤ የስልኩን ፎንት መጠቀም ይመረጣል።

ይህ ማለት ፎቶ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የቡናው፣ የክፍሉና የፏፏቴው ፎቶ ደንበኛ ይስባል። ፎቶዎቹ በስክሪኑ ስፋት ልክ ተቀንሰው፣ በዌብፒ ቅርጸት ተቀምጠው፣ ስፋትና ቁመታቸው አስቀድሞ ተገልጾ፣ ከታች ያሉት ጎብኚው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ቢደረግ ይበቃል። እያንዳንዱ ፎቶ ምን እንደሚያሳይ የሚገልጽ ተለዋጭ ጽሑፍም ሊኖረው ይገባል።

አንድ ቦታ፣ ብዙ አጻጻፍ

ጽሑፉ ከምስል ከወጣ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ በየትኛው ቃል ይጻፍ የሚለው ነው። የአካባቢው ስም በአማርኛ «ኢሉባቦር»፣ «ኢሉ አባቦር» እና «ኢሉ አባ ቦራ» ተብሎ ይጻፋል። መቱ በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ «ቲ»፣ አንዴ በሁለት «ቲ» ሲጻፍ፣ በኦሮምኛ ደግሞ «ማቱ» ይሆናል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ የንግዱ ስም በሁሉም ቦታ በአንድ አጻጻፍ ይጽና፤ የአካባቢው ሌሎች ስሞች በመግለጫው ውስጥ በተፈጥሯዊ አገባብ አንድ አንድ ጊዜ ይጠቀሱ። ስሞቹን ያለ ልክ መደርደር ግን በፍለጋ ሞተሮች እንደ ማታለል ይቆጠራል። የአማርኛና የኦሮምኛ ይዘት በየራሱ ገጽ ቀርቦ የቋንቋ መለያው በኮዱ ውስጥ ቢገለጽ ይመረጣል።

በተጨማሪም ነጻ የሆነውን የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል መሙላት ያስፈልጋል። ጎግል የአካባቢ ውጤቶችን የሚያሰልፈው በአግባብነት፣ በርቀትና በታዋቂነት ነው። ትክክለኛ ቦታውን በካርታ ላይ ያላመለከተ ማረፊያ በርቀቱ መስፈርት ሊመዘን አይችልም።

መለኪያው የት ይቁም?

«ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ»ን የመሰሉ መሣሪያዎች ሙከራቸውን የሚያካሂዱት ከሩቅ የመረጃ ማዕከል ሆነው ዘገምተኛ መስመርን በማስመሰል ነው። ውጤቱ ስሕተትን ለመጠቆም ይረዳል እንጂ በጎሬ ገበያ መካከል ያለን ስልክ አይወክልም። አዲስ አበባ ውስጥ በዋይፋይ ተሞክሮ «ፈጣን ነው» የተባለም እንዲሁ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አመቺ ቦታ ላይ ናቸው፤ ተመሳሳይ ገጽን ከመቱ፣ ከጎሬና ከበደሌ፣ በተለያየ ሰዓት፣ በመካከለኛ ዋጋ ስልክ ደጋግሞ በመክፈት ሚዲያኑንና 75ኛ ፐርሰንታይሉን መመዝገብ ይቻላል። ምስሉ በጽሑፍ ከመተካቱ በፊትና በኋላ የሚወሰድ ልኬት፣ ከ«ሰርች ኮንሶል» የፍለጋ ቃላት መዝገብ ጋር ተዳምሮ፣ እዚህ የቀረበውን ስሌት በተግባር ይፈትነዋል።

ማጠቃለያ

የመቱ አነስተኛ ንግድ የባሕር ኬብልን ርቀት ሊያሳጥር፣ የኔትወርኩንም ስፋት ሊወስን አይችልም። በእጁ ያለው ገጹ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ነው። ስምን፣ ዋጋን፣ አድራሻንና ስልክን ከምስል አውጥቶ በፊደል መጻፍ ተጨማሪ ወጪ ሳይጠይቅ ገጹን ያቀልላል፤ የፍለጋ ሞተሩም እንዲያነበው ያስችላል። የሰርቨር ለውጥና ሌላው ማሻሻያ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በድረ-ገጽ ሥራ የሚያማክሩ ባለሙያዎችም የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስልክ ቁጥሩ ከገጹ ላይ በጣት ተነክቶ ሊደወልበት ይችላል ወይ?» የሚል ቢሆን የችግሩን ትልቁን ክፍል ያገኙታል።