ዋቱ ከየት ይመጣል? አምፕሊፋየር ለሚሠራ ሰው የዕቃ አመራረጥ

ርካሽ የድምፅ ማጫወቻ የታሸገበት ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ በትልልቅ ቁጥር «3000 ዋት» ተጽፎ ይታያል። ዕቃውን ገልብጦ ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ የሚያነብ ግን «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» የሚል ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ከግድግዳ 60 ዋት የሚወስድ መሣሪያ 3000 ዋት እየሰጠ ሊዘልቅ አይችልም፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን 60ውንም ቢሆን ሙሉውን ስፒከሩ ጋ አያደርሰውም።

በገዛ እጁ አምፕሊፋየር ለመሥራት ለተነሣ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። አምፕሊፋየር ከስልክ ወይም ከማጫወቻ የመጣውን ደካማ ሲግናል ለጥጦ አያተልቅም። የሚያደርገው የግድግዳውን ኃይል በዚያ ሲግናል ቅርፅ እየመጠነ ወደ ስፒከሩ መላክ ነው። ስፒከሩን የሚነቀንቀው ዋት በሙሉ የሚመነጨው ከፓወር ሰፕላዩ ነው፤ የአምፕሊፋየሩ አይሲ የሚወስነው መቼ ምን ያህል እንደሚያልፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ የአመራረጡ ቅደም ተከተል ብዙ ጀማሪ ከሚያደርገው ተቃራኒ መሆን አለበት። ጀማሪው ትልቅ ዋት የተጻፈለትን አይሲ ይገዛና በተረፈችው ብር ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የሚያዋጣው ከስፒከሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ስፒከሩ የሚያስፈልገውን ቮልት ይወስናል፤ ቮልቱ ትራንስፎርመሩን፤ ቮልቱና የስፒከሩ ኦም አንድ ላይ ደግሞ ሙቀት የሚያስወግደውን ሂት ሲንክ። ስሌቱን በተጨባጭ ለማየት በቤት ሠሪዎች ዘንድ ለዓመታት ተወዳጅ የሆነውን ኤልኤም 3886 አይሲ እንውሰድና ለአንድ ሳሎን የሚሆን ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር እናስብ።

ስንት ዋት ይበቃል?

ስለ ስፒከሩ ሁለት ቁጥሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው ኦሙ ነው፤ የቤት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 4 ኦም ነው። ሁለተኛው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ይህም 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ ይናገራል። 88 ዴሲቤል የተለመደ መጠን ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው በቂ ረባሽ ነው። ያም በአንድ ዋት ብቻ!

ከዚያ በላይ ያለው መወጣጫ ግን ውድ ነው። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» ብሎ የሚቀበለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ መሆን አለበት። ሳሎን ውስጥ ጥሩ ከፍታ ላይ የሚሰማ ሙዚቃ በአማካይ ከአንድ ሁለት ዋት አይዘልም። ከበሮው ሲመታ ወይም ዘፋኙ ድምፁን ሲለቅ ግን ለቅጽበት ከአማካዩ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ይጠየቃል። አምፕሊፋየሩ ያንን ካልቻለ የድምፁ ጫፍ ተቆርጦ ይሻክራል። ስለዚህ ለአንድ ቻናል ከ30 እስከ 40 ዋት ለሳሎን ይበቃል። ለሠርግ ድንኳን የሚቆመው ሞንታርቦ ሌላ ሒሳብ አለው።

ከዋት ወደ ቮልት

ግባችን በ8 ኦም ላይ 38 ዋት ይሁን። 38ን በ8 አባዝተን የውጤቱን ስኩዌር ሩት ስንወስድ 17.4 ቮልት እናገኛለን። ይህ የኤሲ መጠን ስለሆነ ጫፉን ለማወቅ በ1.41 ይባዛል፤ ወደ 25 ቮልት ይደርሳል። አይሲው ለራሱ የሚያስቀረው ጥቂት ቮልት ሲጨመር ፓወር ሰፕላዩ በፖዘቲቭ 28፣ በኔጌቲቭ 28 ቮልት መስጠት አለበት ማለት ነው። የአምራቹ ሰነድም በዚህ ቮልት ለ8 ኦም 38 ዋት፣ ለ4 ኦም 68 ዋት ይላል።

አሁን ትራንስፎርመሩን መምረጥ ይቻላል። ሁለት ባለ 22 ቮልት ሰከንደሪ ያለው ትራንስፎርመር ከሬክቲፋየር ዳዮዱ በኋላ ጭነት ሳይኖርበት በእያንዳንዱ ወገን ወደ 32 ቮልት ይሰጣል፤ ጭነት ሲመጣበት ወደ 27 እና 28 ይወርዳል። ልክ የምንፈልገው ነው። «ትንሽ ከፍ ቢል ምን አለበት?» ብሎ ባለ 25 ቮልቱን የሚገዛ ሰው ግን የመብራታችንን መዋዠቅ ማስታወስ አለበት። 25 ቮልት ኤሲ ወደ 35 ቮልት ዲሲ ይሆናል። ጭነት የሌለበት ትራንስፎርመር ከተጻፈበት ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ስለሚሰጥ 37 አካባቢ ይደርሳል። የመስመሩ ቮልት ሌላ 10 በመቶ ከጨመረ 41 ሆነ ማለት ነው። ለዚህ አይሲ የተፈቀደው ጣሪያ ደግሞ በየወገኑ 42 ቮልት ነው። የማይሰማ ጥቂት ዋት ፍለጋ አይሲውን ገደል አፋፍ ላይ ማቆም አይገባም።

ቀጥሎ የትራንስፎርመሩ አቅም አለ፤ በቮልት አምፒር ይለካል። ሁለቱ ቻናሎች ያለማቋረጥ ሙሉ ኃይላቸውን ቢያወጡ ወደ 180 ቮልት አምፒር ያስፈልግ ነበር። ሙዚቃ ግን እንደዚያ ስላልሆነ ከ120 እስከ 160 ድረስ ያለው ይበቃል። ከተበላሸ የጂፓስ ማጫወቻ የወጣ ወይም ከምናለሽ ተራ የተገኘ አሮጌ ትራንስፎርመርም ጤነኛ ከሆነ ሥራውን ይሠራል። ጽሑፉ የጠፋ እንደሆነ ሚዛን ይረዳል፤ ብረትና መዳብ በመለያ ጽሑፍ አይተኩምና። የ160 ቮልት አምፒር ቶሮይዳል ትራንስፎርመር ከኪሎ ተኩል ብዙም አይርቅም። በግማሽ ኪሎ ትራንስፎርመር 160 የሚል ሻጭ ቢገጥም አለማመን ነው።

ከትራንስፎርመሩ ቀጥሎ የሚመጡት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ናቸው። ኤሲው በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ጫፉ ላይ እየደረሰ ይሞላቸዋል፤ በመካከል ያለውን ጊዜ አምፕሊፋየሩ የሚኖረው ከተጠራቀመው እየቀዳ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሮቶ ማለት ናቸው፤ ትንሽ ከሆኑ ቀጣዩ ፈረቃ ሳይደርስ ይጎድላሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። በየወገኑ 10,000 ማይክሮፋራድ ተደርጎ 2 አምፒር ቢሳብ ቮልቱ በሁለት ሙሊት መካከል ቢበዛ ወደ 2 ቮልት ይወርዳል። በ4,700 ማይክሮፋራድ ግን ከ4 ቮልት በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ይህም የድምፁ ጫፍ ቀድሞ እንዲቆረጥ ያደርጋል። የካፓሲተሩ የቮልት መጠን 35 ሳይሆን 50 ይሁን። 32 ቮልት መብራቱ ከፍ ሲል 35 ስለሚሆን 35 የተጻፈበት ዕቃ እፎይታ የለውም። የ10,000 ማይክሮፋራድ ባለ 50 ቮልት ካፓሲተር ወፍራም ነው፤ ይህ ሁሉ ቁጥር በአውራ ጣት በሚያክል ዕቃ ላይ ታትሞ ከታየ መጠርጠር ይገባል። ካፓሲተር የሚለካ መልቲሜትር ያለው ሰው ከመበየዱ በፊት ይለካው።

ሙቀቱን የሚሸከመው ማን ነው?

በቤት ሥራ አምፕሊፋየር ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚናቀው ሂት ሲንኩ ነው። ኤልኤም 3886 በሚሠራበት፣ ክላስ ኤቢ በሚባለው አሠራር ከፍተኛው ሙቀት የሚፈጠረው ሙሉ ኃይል ላይ አይደለም፤ ከሙሉው 40 በመቶ ገደማ ሲወጣ ነው። መጠኑን ለማግኘት የሁለቱን ወገን ቮልት ድምር በራሱ እናባዛለን፤ ውጤቱን ለ19.7፣ ከዚያም ለስፒከሩ ኦም እናካፍላለን። 56 በ56 ሲባዛ 3136 ነው፤ ለ19.7 እና ለ8 ሲካፈል 20 ዋት ይሆናል። አይሲው ሳይዘፍንም የሚበላው ወደ 3 ዋት ሲጨመር በአንድ ቻናል 23 ዋት ሙቀት አለ።

ስፒከሩ 4 ኦም ቢሆን ያው ስሌት 40 ዋት፣ ከጭማሪው ጋር 43 ይሰጣል። በተመሳሳይ ቮልት ኦሙን በግማሽ መቀነስ የሚወጣውን ዋት ያሳድጋል፤ ሙቀቱን ግን እጥፍ ያደርገዋል። አምፕሊፋየር ላይ አራት ስፒከር ደርድሮ «ለምን ተቃጠለ?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ሂት ሲንክ የሚለካው ለእያንዳንዱ ዋት ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ በሚናገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዕቃው የተሻለ ነው። በዋት 2 ዲግሪ የሆነ ሂት ሲንክ 23 ዋት ሲሸከም ከአካባቢው አየር በ46 ዲግሪ ይሞቃል። በ30 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 76 ሆነ ማለት ነው። በአይሲው አካልና በመካከሉ ባለው መከለያ ምክንያት የውስጡ ሙቀት ሌላ 35 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ 111 ይደርሳል። የተፈቀደው ጣሪያ 150 ስለሆነ በቂ እፎይታ አለ። ሁለቱ ቻናሎች አንድ ሂት ሲንክ ከተጋሩ ግን ቁጥሩ ወደ 1 መውረድ አለበት።

በዚህ ላይ የከፍታ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ዝቅ ያለ ስለሆነ አንድ ዓይነት ሂት ሲንክ በጅቡቲ ወደብና በእንጦጦ ሥር እኩል አያቀዘቅዝም። የቀን ሙቀታችን መለስተኛ መሆኑ ይክሰናል፤ ቢሆንም ከስሌቱ ተለቅ ያለ ሂት ሲንክ መግዛት ብልህነት ነው። ክንፎቹ ከሳጥኑ ውጭ ሆነው ወደ ላይና ወደ ታች እንዲቆሙ መገጠም አለባቸው፤ የሞቀው አየር ሽቅብ መውጫ እንዲያገኝ።

አሁን ወደ አይሲው

ኤልኤም 3886 ለጀማሪ የሚመረጠው ከሙቀት፣ ከሾርትና ከቮልት መዛባት ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ ስላለው ነው። ሦስት ነገሮችን ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ፣ ጀርባው ብረት የሆነው ዓይነት ብረቱ ከኔጌቲቭ ቮልቱ ጋር የተገናኘ ስለሆነ በሚካና በሙቀት ቅባት ከሂት ሲንኩ መለየት አለበት። ሁለተኛ፣ ከ10 እጥፍ በታች እንዲያጎላ ከተደረገ ያልተረጋጋ ይሆናል። በ20 ኪሎ ኦምና በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር የሚገኘው 21 እጥፍ የተለመደ ነው፤ 1 ቮልት ሲገባ ከሚያስፈልገን 17.4 ቮልት በላይ ለማውጣት ይበቃል። ሦስተኛ፣ 8ኛው እግር በሬዚስተር ወደ ኔጌቲቩ ካልተያያዘ አይሲው ድምፁን እንደዘጋ ይቀራል። «ሁሉም ልክ ነው፣ ድምፅ ግን የለም» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ይህ እግር ነው።

በአይሲ ፋንታ በነጠላ ትራንዚስተሮች መሥራት የሚፈልግ ሰው 2ኤስሲ 5200 እና 2ኤስኤ 1943 የሚባሉትን ጥንዶች በየዕቅዱ ላይ ያገኛቸዋል። ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በዓለም ገበያ እጅግ ከሚጭበረበሩት መካከል ናቸው። ከታመነ ሻጭ መግዛት እንጂ ዋጋ መወዳደር አያዋጣም።

መብራት ለሚጠፋበት ቤት ክላስ ዲ የሚባለው አሠራር የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። እንደ ቲፒኤ 3116 ያለው አይሲ ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ለስፒከሩ ያደርሳል፤ ሂት ሲንኩ ትንሽ ነው፤ በ12 ቮልት ባትሪም በ4 ኦም ስፒከር 15 ዋት አካባቢ ይሰጣል። የፓወር ሰፕላዩ ሕግ ግን እዚህም አይቀየርም። ሳጥኑ ላይ 50 ዋት ስለተጻፈ 12 ቮልቱ 50 ዋት አይወልድም።

ሽቦ፣ ግራውንድ፣ የመጀመሪያው ማብራት

ጥሩ ዕቃ ተገዝቶ አምፕሊፋየሩ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ በሽቦ አዘረጋግ ምክንያት ነው። ከሬክቲፋየሩ ወደ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች የሚሄደው ጅረት በድንገተኛ ምት ስለሚፈስ የግቤቱ ግራውንድ ይህን መንገድ መጋራት የለበትም። የግቤቱ፣ የስፒከሩና የፓወር ሰፕላዩ ግራውንድ በየራሳቸው ሽቦ መጥተው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ። ከአይሲው የቮልት እግሮች ወደ ግራውንድ የሚያያዙት ትንንሾቹ ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ደግሞ ከእግሮቹ ሥር ይበየዱ፤ ሩቅ ሲሆኑ አይሲው ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት መርገብገብ ሊጀምር ይችላል።

ጩኸት ካለ የግቤቱን ገመድ ነቅሎ ማዳመጥ ነው። ከጠፋ ችግሩ በማጫወቻውና በገመዱ መካከል ነው። ካልጠፋ ውስጡ ነው፤ ሻከር ያለ የ100 ኸርዝ ድምፅ ከሆነ የሬክቲፋየሩ መንገድ፣ ወፍራም የ50 ኸርዝ ድምፅ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ለግቤቱ ሽቦ መቅረቡ ይጠረጠራል። ጩኸት ለማጥፋት የኧርዝ ሽቦውን መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም። የብረት ሳጥኑ ከኧርዝ ጋር፣ የመብራቱ መግቢያም ከፊውዝ ጋር መያያዝ አለባቸው።

መጀመሪያ ሲበራ ስፒከር አይገናኝም። 60 ወይም 100 ዋት ባለ ክር አምፖል ከመብራቱ መስመር ጋር በተከታታይ ይያያዛል፤ የኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሮቹ ሞሉ ማለት ነው። ደምቆ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ወዲያው ይጠፋል። ከዚያ የሁለቱ ወገን ቮልትና በስፒከሩ መውጫ ላይ ያለው ዲሲ ይለካሉ። በመውጫው ላይ ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ጤና ነው፤ ከ100 ሚሊቮልት በላይ ከሆነ ምክንያቱ ሳይገኝ ስፒከር መቀጠል የለበትም። እጅ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ካፓሲተሮቹ በሬዚስተር ይራገፉ፤ መብራቱ ከተነቀለም በኋላ የያዙትን ይይዛሉና።

ይህ ሁሉ ከሠራና እጅ ላይ ብር ከተረፈ ቀጣዩ ፈተና ትልቅ አይሲ መመኘት ነው። 40 ዋቱን 80 ለማድረግ ትራንስፎርመሩ፣ ካፓሲተሮቹና ሂት ሲንኩ በሙሉ ይለወጣሉ፤ ትርፉም 3 ዴሲቤል ነው። በ88 ዴሲቤሉ ስፒከር ፋንታ ባለ 91 ዴሲቤል ስፒከር መግዛት ያንኑ 3 ዴሲቤል ይሰጣል፤ አምፕሊፋየሩም እንደነበረው ይቀጥላል፣ ሙቀቱም አይጨምርም። ሒሳቡ ከስፒከሩ እንደተጀመረ ሁሉ፣ ትርፉ ብርም አስቀድሞ መዋል ያለበት እዚያው ነው።