ከሙዚየም ደጅ የተሰፋ ታሪክ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1989 ማታ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዋሽንግተን በሚገኘው የኮርኮራን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ፊት ለፊት ተሰብስበው የሮበርት ሜፕልቶርፕን ፎቶግራፎች በሕንፃው ግድግዳ ላይ በብርሃን አሳዩ። ፎቶግራፎቹ በሙዚየሙ ውስጥ መሰቀል የነበረባቸው ናቸው። ሜፕልቶርፕ በዚያው ዓመት በማርች ወር በኤድስ ሞቷል። ሥራዎቹን ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ዐውደ ርዕይ ከፌዴራል መንግሥት 30,000 ዶላር ድጎማ አግኝቶ ስለነበር፣ አንዳንድ የምክር ቤት አባላት የግብር ከፋዩ ገንዘብ የተመሳሳይ ፆታ ወሲብን ለሚያሳዩ ፎቶግራፎች መዋል የለበትም ብለው ተነሡ። ሙዚየሙም ዐውደ ርዕዩን ገና ሳይከፈት ሰረዘው።

ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥያቄ አልበረደም። ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሞታቸው የሠሩት ጥበብ የሕዝብ ገንዘብ በሚደግፈው ግድግዳ ላይ ቦታ አለው ወይ? ክርክሩ ብዙ ጊዜ የነውርና የነፃነት ጠብ ሆኖ ይተረካል። በዚህ አተራረክ ግማሹ ታሪክ ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ሙዚየም እስኪጠራቸው ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ በቤታቸው ጠረጴዛ፣ በሱቅ መስኮት፣ በአጥር ላይ፣ በሣር ሜዳ ላይ የራሳቸውን ማሳያ ሠርተዋል። ጥያቄው ለምን እንዳልሞተ ለመረዳት ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተዘገበው በጁን 1981 ነው። ፕሬዚዳንት ሬጋን ስለ ኤድስ የመጀመሪያውን ሰፊ ንግግር ያደረጉት በሜይ 1987 ሲሆን፣ እስከዚያ ከ20,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተው ነበር። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ገና ወጣት ወንዶች ናቸው። ቤተሰብ አስከሬናቸውን አልቀበልም ያለባቸው፣ አስከሬን ገናዦችም አንነካም ያሏቸው ነበሩ። በእኛም አገር ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የበሽታውን ስም የሚያነሳ የጠፋበትን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ያ ዝምታ በሐዘንተኛ ላይ ምን እንደሚጨምር ያውቃል።

በኖቬምበር 1985 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተደረገ የሻማ ሰልፍ ላይ፣ ክሊቭ ጆንስ የተባለው የመብት ተሟጋች ሰልፈኞቹ በኤድስ የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በካርቶን እንዲጽፉ ጠየቀ። ካርቶኖቹን ወስደው በፌዴራሉ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ለጠፏቸው። ጆንስ ቀና ብሎ ሲያየው፣ ግድግዳው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋውን ያገሩን ብርድ ልብስ መሰለው። ሟቾቹ የሚታሰቡበት እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ለመሥራት አሰበ፤ በ1987 የመጀመሪያውን ቁራጭ ለወዳጁ ለማርቪን ፌልድማን ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ማርኬት ጎዳና ላይ የስፌት ቤት ተከፈተ፤ ሰዉም የስፌት መኪናና ጨርቅ አዋጣ።

እያንዳንዱ ቁራጭ 3 ጫማ በ6 ጫማ ነው፤ 90 ሴንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ80 ገደማ። ልኩ የመቃብር ልክ ነው፤ ታስቦበት የተደረገ ነው። ስምንት ቁራጭ አንድ ላይ ሲሰፋ በየጎኑ 12 ጫማ የሆነ ካሬ ይወጣዋል። ከልኩ በቀር ሠሪውን የሚያስጨንቅ ደንብ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ የሟቹን ጂንስ ሱሪ እንዳለ ሰፍቶበታል። አንዷ እናት የልጇን የጨርቅ ድብ አጣብቃበታለች። ክራቫት አለ፣ ፎቶግራፍ አለ፣ ደብዳቤ አለ። መርፌ ይዘው የማያውቁት በስፕሬይ ቀለምና በሙጫ ሠሩ። ሙሉ ስሙን መጻፍ ያልተቻለለት ሰው በስሙ መጀመሪያ ፊደል ብቻ ገብቷል። ስፌቱ እዚህም እዚያም ጠማማ ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ዋጋው እዚያ ላይ ነው፤ ማን እንደሰፋውና በምን ጭንቀት እንደሰፋው ይታይበታል።

ኦክቶበር 11 ቀን 1987 በዋሽንግተኑ ሰፊ የሣር ሜዳ 1,920 ቁራጭ ተነጠፈ፤ ስሞቹም አንድ በአንድ በድምፅ ተነበቡ። በዓመቱ ወደ 8,288 ደረሰ። በ1996 ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉውን አንድ ቦታ ዘርግቶ ማሳየት አልተቻለም።

ኒውዮርክ ላይ ነገሩ ቁጣ የበዛበት ነበር። ስድስት ወዳጆች ያዘጋጁት ፖስተር በ1987 በየአጥሩ ተለጠፈ፦ ጥቁር መደብ፣ ናዚዎች ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ እስረኞችን የለዩበት ሮዝ ሦስት ማዕዘን፣ ከሥሩም ዝምታ ሞት ነው የሚል ጽሑፍ። የኒው ሙዚየም ባልደረባ ዊልያም ኦላንደር ፖስተሩን አይቶ፣ አክት አፕ የተባለው የተቃውሞ ቡድን ብሮድዌይ ላይ ያለውን የሙዚየሙን መስኮት እንዲጠቀምበት ጋበዘ። በኖቬምበር አላፊ አግዳሚው ያየው፣ የናዚ መሪዎች ከተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት ትልቅ ፎቶግራፍ ፊት የተደረደሩ የታወቁ ሰዎችን ምስል ነው። በየምስሉ ሥር ሰውየው ስለ ኤድስ የተናገረው ቃል በሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ተቀርጿል። የሬጋን ንጣፍ ባዶ ነበር። ኦላንደር እርሙልኝ፣ አለስልሱልኝ ሳይል መስኮቱን እንዳለ ሰጣቸው፤ አንድ ሙዚየም ሊያደርግ ከሚችለው የተሻለ ነገር አይታየኝም። እሱም በ1989 በኤድስ ሞተ።

ሕጉ ግን ሌላ አቅጣጫ ያዘ። በ1990 የሜፕልቶርፕን ዐውደ ርዕይ ያሳየው የሲንሲናቲ የሥነ ጥበብ ማዕከልና ዳይሬክተሩ ዴኒስ ባሪ በሰባት ፎቶግራፎች ሰበብ በወንጀል ተከሰው በኦክቶበር ነፃ ወጡ። ሆኖም በዚያው ዓመት ኮንግረስ፣ የሥነ ጥበብ ድጎማ ሲሰጥ ጨዋነት ከግምት እንዲገባ የሚል አንቀጽ ጨመረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1998 በ8 ለ1 ድምፅ አጸናው።

ስለዚህ በ2010 የሆነው ነገር እንግዳ አልነበረም። ብሔራዊ የቁም ሥዕል ሙዚየም በአሜሪካ ሥዕል ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ታሪክ የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ከፈተ። ከሥራዎቹ አንዱ በ1992 በኤድስ የሞተው የዴቪድ ቮይናሮቪች ቪዲዮ ሲሆን፣ ጉንዳኖች በመስቀል ላይ ሲሄዱ ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል። የካቶሊክ ማኅበርና የምክር ቤት መሪዎች ተቃወሙ፤ ቪዲዮው ኖቬምበር 30፣ በዓለም የኤድስ ቀን ዋዜማ፣ ተነሣ። የሃይማኖት ምልክቱ ተነካብኝ የሚል አማኝ ቅሬታውን የመናገር መብት አለው፤ ሙዚየሙ ግን መልስ መስጠት ሲገባው ሥራውን ከእይታ አራቀው። ሁለት ሰዎች ታብሌት ላይ ቪዲዮውን ከፍተው አዳራሹ ውስጥ ቆሙ፤ ተባረሩ። በጃንዋሪ 2011 ሙዚየሙ ደጃፍ ተጎታች ቤት አቁመው ዐውደ ርዕዩ እስኪዘጋ ድረስ ለመጣው ሁሉ አሳዩት። በዚያው ወር የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ወደ ስብስቡ አስገባው።

ሙዚየሞች ዛሬ የትናንቱን ፖስተር እየገዙ በመስታወት ውስጥ ያኖራሉ። ደስ ይላል፤ ሥጋትም አለው፤ አንድ ዳይሬክተር ያስገባውን ሌላው ያወጣዋል። በ1974 ኒውዮርክ ውስጥ የተጀመረው የሌዝቢያን ታሪክ መዝገብ ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ስብስቡ ለዓመታት የኖረው ጆን ኔስል በምትኖርበት አፓርታማ ውስጥ ነበር፤ ደብዳቤ፣ ቲሸርት፣ በእጅ የተባዛ መጽሔት በየካርቶኑ። መሥራቾቹ መዝገቡ እንዳይሸጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዳይገባ፣ የትምህርት ማስረጃ ሳይጠየቅ ለመጣች ሁሉ ክፍት እንዲሆን ወሰኑ። በ1993 ብሩክሊን ውስጥ በመዋጮ በተገዛ ቤት ተከፈተ፤ አሁንም በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል።

ብርድ ልብሱም ዛሬ 50,000 ገደማ ቁራጭና 54 ቶን ክብደት ይዞ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ብሔራዊ የኤድስ መታሰቢያ ጥበቃ ሥር ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ከፊሉ በዋይት ሐውስ ግቢ ተነጥፏል። የሚያሳስበኝ የጎደለው ነው። ኤድስ ክፉኛ የጎዳቸው ጥቁር አሜሪካውያን፣ በተለይም የደቡቡ ክፍል ሰዎች፣ በብርድ ልብሱ ላይ ከደረሰባቸው ሞት ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ናቸው። በእጅ የሚሠራ ጥበብ ጊዜ ይፈልጋል፣ ስሙን ለመጥራት የማያፍር ዘመድም ይፈልጋል። መታሰቢያው በ2022 ከጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ጀምሮ በደቡብ ከተሞች የስፌት መድረኮች አዘጋጅቷል፤ ልኩ ያው 3 በ6 ጫማ ነው፣ የሚሰፋለት ሰው ያለው ሁሉ ዛሬም ቁራጭ መላክ ይችላል።