ተነሥቶ የሄደ ሰው ወንበር

ባለፈው ሰሞን በሐራ የገበያ ቀን አንድ አባት ፍየላቸውን ሸጠው፣ ብሩን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ወደ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር መስኮት መጡ። ልጅቷ ሁለት ሦስቴ ሞክራ እንቢ ሲላት ቀና አለችና «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ቢመለሱ» አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ከሰዓት መንገድ አለባቸው። ወይ ብሩን ይዘው መውረድ ነው፣ ወይ ዘመድ ቤት ማደር። ምንም ሳይሉ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጅቷ ናት፤ እሳቸው እንደተቀመጡ ነው የደወለችልኝ።

የዚያ ማኅበር ሰርቨር ጠባቂ እኔ ነኝ። ማሽኑ ወልድያ ነው ያለው፤ የወልድያ፣ የመርሳና የሐራ ሠራተኞች በሪሞት ዴስክቶፕ ይገቡበታል። ላፕቶፔን ከፈትኩና በትእዛዝ መስመር፣ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ሰርቨሩን ጠየቅሁት። ወዲያው መለሰልኝ። መብራት አለ፣ መስመር አለ፣ ዳታቤዙም ደህና ነው። ሲስተሙ አለ። የጠፋው ወንበር ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ሌላ ፈቃድ ካልተገዛለት በቀር ከሩቅ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እነሱንም ለአስተዳደር ሥራ ብሎ። ዝርዝሩ ላይ ሁለት ስም ነበር፤ የወልድያዋ ሂሳብ ሠራተኛና የመርሳው ገንዘብ ያዥ። ከሁለቱም ስም ጎን «ዲስክ» የምትል ቁራጭ ቃል ተጽፋለች። ዲስኮኔክትድ ለማለት ነው። ሰውየው ሄዷል፤ ወንበሩ ግን አሁንም በስሙ ነው።

«ሲስተም የለም» የተባለበትን ምክንያት ስፈልግ ደጋግሜ የማገኘው ይህችን ቃል ነው። ሠራተኛው ሥራውን ሲጨርስ «ሳይን አውት» አይልም። ከላይ ያለችውን ኤክስ ይጫንና ይነሣል። መስኮቱ ከዓይኑ ስለጠፋ የወጣ ይመስለዋል። ሰርቨሩ ላይ ግን የከፈተው ኤክሴል እንደተከፈተ ነው፤ ጠቋሚው ያቆመበት ሴል ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ምሳውን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ አንዳንዴም አድሮ ይመጣል።

ይህ ግን በጉድለትነት ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። እንዲያውም መስመር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። በመስመሩ በዋናነት የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስልና የኪቦርዱ ምት ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ቀለሙን ወደ 16 ቢት ዝቅ አድርጎ፣ የጀርባውን ሥዕል አጥፍቶ፣ ደካማ በሆነ የሞባይል ዳታ ሳይቀር መሥራት ይቻላል። ማይክሮሶፍት በ1998 እ.ኤ.አ. ከሲትሪክስ ባገኘው ቴክኖሎጂ የኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨርን ሲያወጣም ጥቅሙ ይኸው ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ መስመሩ ሲቆረጥ ሥራው አይቆረጥም። ኔትወርክ ሲመለስ ሰው የጀመረውን ካቆመበት ያገኘዋል። በደህናው ቀን ወንበር የሚያስይዝብን ነገር በክፉው ቀን ሥራችንን የሚያተርፍልን ነው።

ይህን የተማርኩት ሰው ጎድቼ ነው። ሁለቱ ወንበሮች በየቀኑ እየተያዙ ሲያስመርሩኝ፣ አንድ ጊዜ በግሩፕ ፖሊሲ ገብቼ፣ የተቋረጠ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ እንዲዘጋ አዘዝኩ። ለሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ደመወዝ በሚሠራበት ቀን፣ ወልድያ መብራት ሄደ። ሰርቨሩ ባትሪና ጀነሬተር ስላለው ቀጠለ፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ግን ድርግም አለ። መብራቱ የመጣው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ከጠዋት ጀምራ ያስገባችው የደመወዝ ሠንጠረዥ ሴቭ አልተደረገም ነበርና ሁሉም ጠፋ። ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። «ወንድም ዓለም፣ እኔ እኮ የትም አልሄድኩም ነበር» ብቻ ነው ያለችኝ።

ይህች ሴት ማን እንደሆነች ባላውቅ ኖሮ ነገሩ እንዲህ ባልከበደኝ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በህወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ስትቆይ መብራትም ስልክም አልነበረም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በየጠዋቱ የሰርቨሩን አድራሻ እሞክር ነበር፤ መልስ የለም። ስንመለስ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የኔትወርክ ገመድ ነው። የሦስት ወረዳ ገበሬ ቁጠባ የተረፈው እሷ የባክአፑን ሃርድ ዲስክ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ በመውጣቷ ነው። የዚህችን ሴት ሥራ ነው በ15 ደቂቃ የዘጋሁት። ሰርቨሩ ኤክስ ተጭኖ የሄደውንና መብራት የተወሰደበትን አይለይም፤ ለሁለቱም የሚጽፈው ያቺኑ «ዲስክ» ነው። መለየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ጊዜውን ወደ 3 ሰዓት አራዘምኩት። ከዚያ በፊት መዝጋት ካስፈለገኝ መጀመሪያ እደውላለሁ።

የወንበሩን ጥበት ስናገር ወጣት ባልደረቦቼ «ለምን ክራክ አታደርገውም?» ይሉኛል። መላው እንዳለ አውቃለሁ። ገደቡን የሚጠብቀውን የዊንዶውስ ፋይል ቀይሮ ወንበሩን እንደፈለጉ ማብዛት ይቻላል። ከፈቃድ ውሉ ውጭ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ተከትሎ የሚመጣው ነው። አፕዴት ሲመጣ የተነካካውን ፋይል በአዲስ ይተካዋል፤ መላው ይፈርሳል፤ ሠራተኛው ጠዋት መግባት ያቅተዋል። ባለሙያው ያን ጊዜ የሚያደርገውን ደጋግሜ አይቻለሁ። አፕዴቱን ያጠፋዋል። በግንቦት 2011 ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ይፋ ሲሆን፣ ያለ ይለፍ ቃል በሪሞት ዴስክቶፑ በር በኩል መግባት የሚያስችል ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመለት ዓመታት ላለፉት ለኤክስፒ እንኳ ማስተካከያ አወጣለት። አፕዴቱን ያጠፋ ሰው ዘንድ ይህ ማስተካከያ አይደርስም። በዚያ ላይ 3389ኛውን በር ለኢንተርኔቱ ወለል አድርጎ ከፍቶ ይተወዋል። እንዲህ የተከፈተ ማሽን አንድ ጊዜ እንድጠግን ተጠርቼ መዝገቡን ስገልጠው፣ «አድሚኒስትሬተር» በሚል ስም ሌሊቱን ሙሉ ይለፍ ቃል ሲገመትበት አድሯል። ሁለት ወንበር ለመጨመር ተብሎ የቤቱ በር ተነቅሏል ማለት ነው።

ሌላም መላ አለ። የሴሽን ሆስት የሚባለውን አገልግሎት ከጫኑ ገደቡ ይነሣል፤ ፈቃድ እስኪገዛ ድረስም 120 ቀን ይሰጣል። በእኛ አቆጣጠር ልክ አራት ወር ነው። ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት በኅዳር ሚካኤል ማግስት ሥራ አስጀምሮት በመጋቢት ሚካኤል ማግስት ጠዋት አሥር ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ፈቃዱን የሚገዛ ሰው በአራቱ ወር ውስጥ አልተገኘም። እኔ በ«አድሚን» መግቢያ ገባሁ፤ እሱ ለአስተዳዳሪ ብቻ ስለሆነ ፈቃድ አይጠይቅም። ቆጠራውን የያዘውን ቁልፍ ደልዞ ሌላ 120 ቀን የሚያስጀምር ዘዴ እንዳለ የነገረኝ ሰው ነበር። አላደረግሁትም። ወደ ሁለት መቀመጫ መለስኳቸውና ተራ አወጣሁላቸው፤ ለኃላፊውም የፈቃዱን ዋጋ በሰው ቁጥር አስልቼ ጻፍኩለት። ሠራተኞቹ ተቀየሙኝ። ልክ ነበሩ፤ ተራ ይዞ መሥራት ከባድ ነው። ግን በመስከረም ገዙት፣ እስካሁንም ይሠራል።

ለቁጠባ ማኅበሩም ይኸው ደብዳቤ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አለ። ለጥገና የተሰጠ ወንበር ላይ ገንዘብ ያዥ ማስቀመጥ ትክክል አለመሆኑን ጽፌያለሁ፤ አምስት ፈቃድ ይበቃቸዋል። «በጀት ሲፈቀድ» ተብያለሁ። እስከዚያው የማደርገው ሠራተኞቹን ማስተማር ነው። የእያንዳንዳቸው ዴስክቶፕ መሃል ላይ «ውጣ» የሚል ትልቅ አይከን አስቀመጥኩ፤ ሲጫኑት ሳይን አውት ያደርጋቸዋል። ምኑም ረቂቅ አይደለም፤ ግን ከተማርኳቸው ትእዛዞች ሁሉ ይልቅ ወንበር ያስለቀቀልኝ እሱ ነው። መስመሩ ጨርሶ የማይገኝበትም ቀን አለ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ከቤት ሆኖ መግባት የሚባል ነገር ቀረ፤ መንገድ ሲከፈት በሚኒባስ ወልድያ እሄድና ማሽኑ ፊት ለፊት እቀመጥ ነበር። ያኔ ከሩቅ የማላያቸውን ሰዎች በዓይኔ አየኋቸው፤ ማን ፈጥኖ እንደሚጽፍ፣ ማን በአንድ ጣት እንደሚለቅም።

ወደዚያ የገበያ ቀን ልመለስ። የመርሳው ገንዘብ ያዥ ስልኩን አያነሣም። ምን ከፍቶ እንደተወ ስለማላውቅ የእሱን ወንበር አልነካሁም። ለሂሳብ ሠራተኛዋ ደወልኩ። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል። ለቅሶ ቤት ነበረች፤ ጎረቤት ሞቶባት በጠዋቱ ተጠርታ ወጥታለች።

«እታለም፣ እግዜር ያጥናችሁ። በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ።»

«አብሽር፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ወንበርሽ ተይዟል። ሐራ ሰው ቆሟል።»

ትንሽ ዝም አለች። የከፈተችውን እያስታወሰች እንደሆነ ገባኝ፤ አላቻኮልኳትም። «የትናንቱን ሂሳብ ነበር የከፈትኩት» አለች በመጨረሻ። «ሴቭ አድርጌዋለሁ። ዝጋው።»

የመለያ ቁጥሯ 2 ነበር። «ሎግኦፍ 2» ብዬ አስገባሁ። ዝርዝሩን እንደገና ስጠይቅ አንድ ስም ብቻ ቀርቷል። የሐራዋ ልጅ ስልኩን ሳትዘጋ ትጠብቅ ነበርና «አሁን ሞክሪ» አልኳት። ኪቦርዱ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፅዋ ከስልኩ ራቀ፤ «አባባ፣ ይምጡ፣ ገብቶልኛል» አለች። በእርጋታ፣ አንድ በአንድ፣ ብር ሲቆጠር ሰማሁ።