«በሁለት ወር አስረክባለሁ» የሚል ፕሮግራመር ሒሳቡ የሚፋለሰው የት ላይ ነው?

አንድ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ በኮምፒዩተር ለመያዝ ፈልጎ፣ ለብቻው የሚሠራ ጀማሪ ፕሮግራመር ቀጠረ እንበል። ወጣቱ «በሁለት ወር አስረክባለሁ» ብሎ የክፍያውን ግማሽ በቀብድ ወሰደ። አራተኛው ወር ሲገባ ነጋዴው ዕቃውን አሁንም በደብተር ይመዘግባል። ነገሩ ማጭበርበር ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የግምት ስህተት ነው።

ጀማሪ የሚቆጥረው ኮድ የሚጽፍበትን ጊዜ ብቻ ነው። በአይቢኤም ኩባንያ ግዙፍ የሶፍትዌር ሥራ የመሩት ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ለኮድ ጽሕፈት የመደቡት ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ስድስተኛውን ነው። ሲሶው ለዕቅድ፣ ግማሹ ለሙከራ ነው። ስሌቱ ለትልልቅ ሥራ የወጣ ቢሆንም ብቻውን የሚሠራ ሰውም ከሙከራ አያመልጥም፤ እንዲያውም ፈታኙም አራሚውም እሱው ነው።

የእኛ አገር ሥራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጳጉሜን 3 ቀን የሚከፈል ዱቤ ሲመዘገብ፣ ለ12 ወር አቆጣጠር የተሠራው የቀን መሣሪያ አሥራ ሦስተኛውን ወር አያውቀውም። ተመላሽ ዕቃ ላይ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ እንዴት እንደሚስተካከል የሚጠየቀውም ሥራው አለቀ በተባለ ማግስት ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1958 ለፖላሪስ ሚሳይል ያዋለው የግምት ስልት እዚህ ይረዳል። ቀና ከሆነ 2 ሳምንት፣ በተለመደው 3፣ ከከፋ 10 ይፈጃል ለተባለ ሥራ፣ መካከለኛው በአራት ተባዝቶ ከሁለቱ ጋር ይደመርና ለስድስት ይካፈላል። ውጤቱ 4 ሳምንት ነው። ችግሩ ሰው ክፉውንም አሳንሶ መገመቱ ነው። ሮጀር ቡለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን፣ ሁሉ ነገር ቢበላሽ በ49 ቀን እንጨርሳለን አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠት በፊት የሚጠየቀው «መቼ ትጨርሳለህ?» ሳይሆን «ያለፈው ሥራህ ስንት ቀን ተባለ፣ ስንት ቀን ፈጀ?» ነው። ቀሪው ክፍያም በወር ሳይሆን በሚሠራ ክፍል ይታሰር፤ መጀመሪያ የዕቃ ገቢና ወጪ፣ ቀጥሎ ዱቤ፣ ከዚያ ሪፖርት። ነጋዴውም ቢሆን በሦስተኛው ሳምንት «የቅርንጫፍ ሱቄንም ጨምርልኝ» ካለ፣ በውሉ ላይ የሰፈረው የርክክብ ቀን በዚያው ዕለት መታደስ ይኖርበታል።