ከወርቋ ይልቅ በብሯ የተወደደችው ሆ ሚሚ

ለደቡብ ኮሪያ የጁዶ ሻምፒዮን ብርቅ አይደለም። በሴቶቹ በኩል ግን ከ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ኮሪያዊት አልነበረችም። ይህን የ29 ዓመት ጥበቃ በሜይ 2024 አቡ ዳቢ ላይ የቋጨችው ከ57 ኪሎ ግራም በታች የምትጋጠመው የ21 ዓመቷ ሆ ሚሚ ናት። የሚገርመው ስሟ በየቤቱ የገባው በዚያ ወርቅ ሳይሆን ከሁለት ወር በኋላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ባገኘችው ብር መሆኑ ነው። የኦሊምፒክ መድረክ ሰፊ መሆኑ ከፊሉን ያስረዳል፤ ሙሉውን ግን አያስረዳም። በእኔ እምነት ሕዝብ የወደደው የመረጠችውን መንገድና ሽንፈትን የተቀበለችበትን ሁኔታ ነው።

ሆ ሚሚ የተወለደችው ቶኪዮ ውስጥ፣ ከኮሪያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት ነው። የሁለቱም አገር ዜግነት ስለነበራት ለጃፓን መሰለፍ ትችል ነበር። በ2021 ያረፉት አያቷ ግን ለኮሪያ እንድትወዳደር ተናዘውላት ስለነበር ወደ አባቷ አገር ሄዳ በሰሜን ግዮንግሳንግ ክፍለ ሀገር ቡድን ታቀፈች፤ በኋላም የጃፓን ዜግነቷን ተወች። የጃፓንን አገዛዝ የሚቃወም ጽሑፍ በመለጠፉ የታሰረው አርበኛ ሆ ሶክ የአምስተኛ ትውልድ ቅድመ አባቷ መሆኑ የታወቀውም ወደ ኮሪያ ከመጣች በኋላ ነው።

“እንግዲያውስ ዝናዋ የአገር ፍቅር ስሜት የወለደው ነው፤ ጁዶው ሰበብ ነው” የሚል ይኖራል። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ የአርበኛ ዘር መሆኗ የጋዜጦችን ርዕስ አሳምሯል። ነገር ግን ጃፓን ተወልዶ ለኮሪያ መሰለፍ በእሷ አልተጀመረም፤ የ2018ቱ የዓለም ሻምፒዮን አን ቻንግ-ሪምም የመጣው ከዚያው ነው። ደግሞም የዘር ሐረግ ማንንም ምንጣፍ ላይ አይጥልም። ሆ ሚሚ ዝቅ ብላ ተጋጣሚዋን በጀርባዋ አሳልፋ በምትጥልበት ሴኦይ-ናጌ ተደጋጋሚ ጥቃት ትሰነዝራለች፤ ፓሪስ ላይም የቀድሞዋን የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ብራዚላዊቷን ራፋኤላ ሲልቫን በግማሽ ፍጻሜው አሸንፋለች።

ሌላው ተቃውሞ “ሰው ያዘነላት ተበድላለች ብሎ ነው” የሚለው ነው። በፍጻሜው ከካናዳዊቷ ክሪስታ ዴጉቺ ጋር እኩል ቆይታ፣ በተጨማሪው ሰዓት የማስመሰል ጥቃት ፈጽመሻል ተብላ ሦስተኛ ቅጣቷን (ሺዶ) ስታገኝ ግጥሚያው አበቃ። ብዙ ኮሪያውያን ተቆጡ፤ አሸናፊዋ ዴጉቺም ብትሆን ሕጉ መሻሻል እንዳለበት ጠቁማለች። ይሁን እንጂ አቡ ዳቢ ላይ ሆ ሚሚ ዴጉቺን የረታችው በዚያው የሦስት ሺዶ ሕግ ነበር። ሕጉ ሻምፒዮን ሲያደርጋት ዝም ብሎ ሲያሸንፋት ብቻ በደል ነው ማለት አያስኬድም። ይህን ከደጋፊዎቿ ይልቅ የተረዳችው እሷ ትመስላለች፤ ውሳኔው የጨዋታው አካል ነው ብላ ተቀበለችው። ቁጣው የደጋፊዎቹ ነበር፤ ከበሬታው ግን ለእሷ ሆነ።

ስለዚህ የሆ ሚሚን ተወዳጅነት በሜዳሊያ ብቻም ሆነ በዘር ብቻ መለካት ያሳስታል። ሜዳሊያው ችሎታዋን፣ ምርጫዋ ታማኝነቷን፣ ሽንፈቱም ጨዋነቷን አሳየ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ስሟ ከውድድሩ ሰሞን አያልፍም ነበር።