ሲግናል ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ለምን ይንቀራፈፋል?

ስልካችሁ 4ጂ ይላል፣ ሲግናሉም ሙሉ ነው፤ ቪዲዮው ግን መሃል ላይ ቆሞ ይሽከረከራል። ብዙዎቻችን ስልኩን አጥፍተን እናበራለን፣ ካልሆነም ሲሙን አውጥተን እንመልሳለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የስልኩ አይደለም።

ሲግናል የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልካችሁና ታወሩ ምን ያህል እንደሚደማመጡ። ከታወሩ ወዲያ ዳታው በምን መንገድ እንደሚሄድ አይነግራችሁም። አስፋልቱ ሰፊ ሆኖ ድልድዩ ጠባብ ከሆነ መኪና መሰለፉ አይቀርም። የታወሩ ድልድይ ደግሞ በአብዛኛው ወይ ማይክሮዌቭ ነው ወይ ፋይበር።

ታወሩን ቀና ብላችሁ እዩት

ረዘም ያሉት አራት ማዕዘን አንቴናዎች ከስልካችን ጋር የሚያወሩት ናቸው። ከበሮ የሚመስሉት ክቦች ደግሞ ማይክሮዌቭ ናቸው፤ ታወር ከታወር ጋር በሬዲዮ ያገናኛሉ። ቁፋሮ ስለማይፈልጉ ተራራና ገደል ለበዛበት አገር ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ ታወሮች መተያየት አለባቸው፣ ከባድ ዝናብ ያዳክማቸዋል፣ የሚሸከሙትም ዳታ ከፋይበር ያነሰ ነው።

ለምሳሌ አንድ ታወር በሰከንድ 300 ሜጋቢት የሚያሳልፍ ማይክሮዌቭ አለው እንበል። ማታ 100 ሰው በአንዴ ቪዲዮ ቢከፍት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 3 ሜጋቢት ነው። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ ደግሞ 5 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል። ያው መሽከርከር ነው! ታወሩ 10 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ፋይበር ቢገባለት ግን ድልድዩ ሰፋ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገድበው ሬዲዮው ራሱ ነው።

ፋይበር ታወሩ ላይም ይወጣል

ድሮ የሬዲዮው መሣሪያ መሬት ላይ ቤት ውስጥ ይቀመጥና ወፍራም የመዳብ ኬብል እስከ አንቴናው ይዘረጋ ነበር። 50 ሜትር ከፍታ ባለው ታወር ከሚላከው ኃይል ግማሽ ገደማው መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ሊባክን ይችላል። አሁን ግን የሬዲዮው ሳጥን አንቴናው ጀርባ ይሰቀላል፣ ዳታው ደግሞ በቀጭን ፋይበር ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ሁለት አንቴና ላለው አንድ የ4ጂ ሬዲዮ ከታች እስከ ላይ በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ገደማ ሊመላለስ ይችላል፤ ለፋይበር ይሄ ቀላል ነው።

ፋይበር የማይችለው ነገር ግን አለ፦ መብራት አይወስድም። ስለዚህ ከጎኑ የኤሌክትሪክ ኬብል አብሮት ይወጣል። መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪው አልቆ፣ ጄኔሬተሩም ካልተነሳ ፋይበር ያለው ታወርም ዝም ይላል።

ሲቆረጥስ?

ፋይበር መስታወት ነው፤ የአንዱ ክር ውፍረት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው። መዳብ መስሎት የሚቆርጠው ሰው የሚሸጠው ነገር አያገኝም፣ ሰፈሩ ግን ኔትወርክ ያጣል። የመንገድ ቁፋሮም እንደዚሁ ይበጥሰዋል።

ጥገናው እንደ መብራት ገመድ ጠምዝዞ መቀጠል አይደለም። መጀመሪያ በመሣሪያ ብርሃን ልኮ፣ ተመልሶ የመጣበትን ጊዜ ለክቶ የተቆረጠበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ክር ለየብቻው በማሽን ቀልጦ ይገጠማል። ኬብሉ 48 ክር ካለው 48 ጊዜ ማለት ነው። ታወሩ በሌላ አቅጣጫ ሁለተኛ መስመር ካለው ዳታው ዞሮ ይሄዳል፤ ከሌለው ጥገናው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

እንዴት እንወቀው?

ሲግናሉ ያው ሆኖ ማታ የሚጎተተው ኢንተርኔት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚፈጥን ከሆነ መጨናነቅ ነው። ሲግናል ሙሉ ሆኖ ለሰፈሩ ሁሉ ምንም የማይከፍት ከሆነ ግን ከታወሩ ጀርባ ያለው መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ስልክ እያጠፉ ማብራት አይጠቅምም፤ ለኦፕሬተራችሁ ደውላችሁ አሳውቁ። ቁፋሮ ላይ ኬብል ወጥቶ ካያችሁም ሳይቆረጥ ለሚቆፍሩት ንገሩ።

5ጂ ሲመጣ ደግሞ የሚያልፈው ዳታ ስለሚበዛ ድልድዩ ይበልጥ ይፈተናል። ስለዚህ ሰፈራችሁ አዲስ ታወር ሲተከል "4ጂ ነው 5ጂ?" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። "ፋይበር ገብቶለታል ወይ?" ብላችሁም ጠይቁ።